ለማርስ የተተከለው ድንኳን

ጋሽ ዘነበ የሞቱ ቀን እኔ ሳቅሁ። መሞታቸውን አልሰማሁም ነበር። ለሥራ ሐዋሳ ሰንብቼ፣ ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ወርጄ፣ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወደ ሰፈሬ ስገባ ነው ነገሩ የሆነው። «ምን ታደርጊ፣ አላወቅሽ» ይሉኛል የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ። እውነት ነው፣ አላወቅሁም። ግን ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ድንኳን አጠገብ የቆምኩበትን ቦታ ሳልፍ ፊቴ ይግላል። ምን ብዬ እንደሳቅሁ ከመናገሬ በፊት ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለዚያ ቀልዱም አይገባችሁም፣ እፍረቱም።

ጋሽ ዘነበ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። ነፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ ማሠልጠኛ ከጉብዝናቸው ጊዜ ጀምሮ እስከ ጡረታቸው ድረስ ከተማሪ ጎን ተቀምጠው ኖረዋል። የማሠልጠኛ መኪና በአስተማሪው በኩል ሌላ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲደናገጥ እሱ የሚረግጣት። ጋሽ ዘነበ ከዚያች ፍሬን ጋር ከመኖራቸው ብዛት፣ ቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን ሲያዩ እንኳ ፊልሙ ውስጥ መኪና ከፈጠነ ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን ይረግጣል። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ «ምንጣፌን በፍሬን ጨረሰው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞተር አስነሥቼ ፍሪሲዮን መልቀቅ ስጀምር ከጎኔ «መስታወት!» ብለው ይጮኻሉ። የኋላ ማሳያውን ሳላይ ልነሣ ስለሆነ ነው። «ከፊትሽ ያለውንማ ማንም ያየዋል፤ ከኋላሽ ማን እየመጣ ነው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ላፍቶ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን አንባረቀው። ጋሽ ዘነበ ቀስ ብለው በሩን ከፍተው ወረዱና ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄዱ። «ልጄ፣ አንተ ስትወለድ መሪ ጨብጠህ ነው የተወለድከው?» አሉት። ሹፌሩ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ መኪናዋም ተነሣች።

ሰፈራችን ውስጥ ግን ሌላም ሥራ ነበራቸው። የእድራችን ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ያለበት ቤት መክፈቻ ከመኪና ቁልፍ ጋር ወገባቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው ናቸው፤ ተክለውም አይሄዱም። እስከ ሠልስት ድረስ ሐዘንተኛው አጠገብ ይቀመጣሉ። እህል አልቀምስ ያለ ሐዘንተኛ ሲኖር ሁሉም የሚጠብቀው እሳቸውን ነው። ቀረብ ይሉና «የኔ እመቤት፣ ያለ ነዳጅ ለቅሶም አይነዳም፤ አንዴ ጉረሽ» ይላሉ። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ ሐዘንተኛው እያለቀሰም ቢሆን ይጎርሳል። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴን ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ማርስ የያዘው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ሠርግ የሚቀርጸው የወንድማቸው ልጅ አሮጌ ስልኩን ሰጥቷቸው ነበር። በዚያ ስልክ ላይ፣ ወደ ማርስ ሊላክ የተዘጋጀ ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት አዩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ያዙኝ።

«ሹፌር የለውም!» አሉኝ፤ ሰላምታም አላስቀደሙም። «ብቻውን ነው የሚሄድ። ስድስት ጎማ አለው፤ ተቀያሪ ጎማ ግን አልያዘም። አስበሽዋል? አንቺ ደብረ ዘይት ስትሄጂ እንኳ ተቀያሪ ሳትይዢ ትወጫለሽ?»

«እዚያ ጎሚስታ የለ፣ ጋሼ፤ ይዞስ ማን ይቀይርለታል?»

«እኮ! ጎሚስታ ስለሌለ አይደል መያዝ ያለበት!»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ ጠፋ። ባለ ሱቁ ጋ ዳቦ ሊገዙ ሄደው ስለ ማርስ አቧራ ያወራሉ። የእድር ስብሰባ ላይ «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲባል እጃቸውን አውጥተው ስለ ጎማው ያነሣሉ። ሁሉንም በትክክል አውቀውት አልነበረም። ሮኬቱ ከተነሣ በኋላ ሮቦቱ ማርስ የሚደርሰው ከወራት በኋላ እንደሆነ ስነግራቸው አፋቸውን ያዙ። «እኔ እኮ ለእራት ይደርሳል ብዬ ነበር» አሉ። ከሁሉ ይበልጥ ዕንቅልፍ የነሳቸው ግን የፍሬኑ ነገር ነው። «ከዚህ ሆነሽ ቁም ስትይው ትእዛዙ እዚያ እስኪደርስ ደቂቃዎች ይፈጃል አሉ። እስከዚያ ገደል ገብቶ አልቋል። ታዲያ ፍሬኑን የሚረግጥለት ማነው?» ይሉኛል። ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ጎን ተቀምጠው ፍሬን የረገጡ ሰው፣ ከጎኑ ማንም የሌለው መኪና እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበር የፈለጉት። «ስንቱን መሪ አስጨብጫለሁ» አሉኝ አንድ ቀን። «ይህን ሲነሣ ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል።»

ማስነሻው ቅዳሜ ከሰዓት ነው ተባለ። ጋሽ ዘነበ ሰፈሩ በሙሉ አብሯቸው እንዲያይ ፈለጉ። ከወንድማቸው ልጅ ፕሮጀክተር ተዋሱ፤ ከእትዬ ብርቄ ሳጥን ነጭ አንሶላ አወጡ። ነገር ግን በቀን ብርሃን አንሶላ ላይ ምን ይታያል? ጨለማ ያስፈልጋል። ጨለማ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ሞልቷል፤ መክፈቻውም ወገባቸው ላይ ነው። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን የተነጠፈበት ቁልቁለት ስለሆነ ድንኳን የሚይዝ ደልዳላ ቦታ ያለው አንድ ደጅ ላይ ብቻ ነው፤ እማማ ደብሪቱ ደጅ።

እማማ ደብሪቱ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ሰናይት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። በዚያ ሰሞን ሰናይት መደወል ካቆመች ከወር በላይ ሆኗት ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ደብሪቱ ሲያልፉ «ደወለች?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ አልነበረም፤ መልሱን ፈርተን። ያን ቅዳሜ አትክልት ሊገዙ ሀይሌ ጋርመንት ገበያ ሄደው ነበር። ሲመለሱ አብረው ያያሉ ብለው ጋሽ ዘነበ ለእሳቸውም ወንበር አስቀምጠውላቸዋል።

ድንኳኑ ተተከለ። አግዳሚው ተደረደረ። እኛም ገብተን ተቀመጥን። አንሶላው ላይ ሮኬቱ ቆሟል፤ ቆጠራው ሊጀመር ነው። ጋሽ ዘነበ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ አንሶላው አጠገብ ቆመው «ጸጥ! ጸጥ በሉ!» ይላሉ። ጸጥ አልን። የለቅሶ ድንኳን፣ ውስጡ ጨለማ፣ ሰው ሞልቶበት ማንም አይናገርም። ከውጭ ለሚያልፍ ሰው ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም።

ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሴት ስታልፍ ይህን አየች። ድንኳኑ ያለው እማማ ደብሪቱ ደጅ፤ የልጃቸው መጥፋት የተሰማ ነገር። ሌላ ምን ትበል? ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሩ ላይ ቆማ ደረቷን መምታት ጀመረች። እማማ ደብሪቱ ድንችና ሽንኩርታቸውን ይዘው ዳገቱን ጨርሰው ብቅ ያሉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እየተገፋፋን ስንወጣ ድንቹ በኮብልስቶኑ ላይ እየተንከባለለ ወደ ታች ይወርዳል፤ እማማ ደብሪቱ መሬት ላይ ናቸው።

«ልጄን! ሰናይቴን! ልጄን በላት የሰው አገር!»

«እማማ፣ ማንም አልሞተም! ምንም የለም!» አልናቸው፣ ሁላችንም በአንድ አፍ።

«ምንም ከሌለ ድንኳኑ ምንድን ነው?»

ጋሽ ዘነበ ተንበርክከው እጃቸውን ያዙ። «ሮኬት ነው፣ እማማ! ወደ ማርስ የሚሄድ መኪና አለ፤ እሱን ልናይ ነው የተከልነው!»

እማማ ደብሪቱ ለቅሶአቸውን አቁመው ቀና ብለው አይዋቸው። «ዘነበ» አሉ። «አንተ እንኳ? ለኔ የምትነግረኝ ሌላ ውሸት አጣህ?»

እንዲህ ማለታቸው አይፈረድባቸውም። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ቤተሰቡ መጨረሻ ነው የሚሰማው። እስከዚያ «ትንሽ አሟት ነው»፣ «ደህና ናት፣ ስልኳ ተበላሽቶ ነው»፣ «ምንም የለም» ይባላል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ እድሩ በስውር ይዘጋጃል፣ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። ድንኳን ውስጥ ከነበርነው መካከል እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቶ የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ «ምንም የለም» ባልን ቁጥር እማማ ደብሪቱ የሚሰሙት «ሞታለች» የሚለውን ነበር። ማርስ ስንላቸው ደግሞ ባሰ፤ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ውሸት ለትንሽ ነገር አይዋሽም።

ጥቂት ቆይቶ የከፋ ነገር መጣ። እኛም መጠራጠር ጀመርን። አንዷ በሹክሹክታ «እንዲያው ጋሽ ዘነበ የሰሙት ነገር ኖሮ ይሆን እንዴ፣ በዘዴ ያስተከሉት?» አለች። ወሬው ሲዞር ሴቶቹ አንድ በአንድ ማልቀስ ያዙ። እኔ ራሴ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የሰሙት ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጅ ገጭቶ የወረደ ሹፌር ፊት ነበር።

ከኋላቸው፣ በተከፈተው ድንኳን ውስጥ፣ አንሶላው በብርሃን ተጥለቀለቀ። ሮኬቱ ተነሣ። ነጭ ጭሱን፣ እሳቱን፣ ወደ ላይ ሲምዘገዘግ በትከሻቸው ላይ አሻግሬ አየሁት። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውታል። የእማማ ደብሪቱን ራስ ደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበርና ዞር አላሉም።

ያን ከሰዓት በሙሉ ስልክ ስንደውል ዋልን። የሰናይት ስልክ ዝግ ነው። በመጨረሻ ሌላ ቤት የምትሠራ ጓደኛዋ ተገኘችና፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሰናይት ራሷ በዚያች ልጅ ስልክ ደወለች። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ኖሯል።

«እማዬ! ማነው የሞተው? ምንድን ነው የምትጮሁት?»

እማማ ደብሪቱ መጀመሪያ አላመኑም። «የጓሮው ኮክ ማን ተከለው?» ብለው ጠየቋት።

«አንቺ ነሻ! እኔ ብተክለው ይጸድቅ ነበር እንዴ!»

የዚያን ጊዜ እማማ ደብሪቱ እልል አሉ። ከለቅሶ ድንኳን እልልታ ወጣ። ተሳሳቅን፣ ተቃቀፍን፣ ድንቹንም ለቅመን አመጣንላቸው። ጋሽ ዘነበ ግን ከእኛ ጋር አልነበሩም። ድንኳኑን ብቻቸውን መንቀል ጀምረው ነበር። ልረዳቸው ገመዱን ስይዝ፣ ወደ እኔ ሳያዩ «ተነሣ?» አሉኝ።

«ተነሥቷል፣ ጋሼ። በደንብ ነው የተነሣው።»

«ጥሩ» አሉ። ገመዱን ጠቅልለው ሲጨርሱ «መስታወት ሳላይ ነው የተነሣሁት» አሉ።

እማማ ደብሪቱ በማግስቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጋሽ ዘነበ ቤት ሄዱ። «አንተ ሰው፣ ልጄን ገደልክብኝ፣ ሳይመሽ ደግሞ አስነሣህልኝ። ያንተ ድንኳን ባይኖር ድምፅዋን መቼ ልሰማ ነበር? ተወው፣ አትብሰልሰል» አሏቸው። ይቅርታውን ከእማማ ደብሪቱ ከራሳቸው በአንድ ቀን አገኙ። ከእኛ ግን አላገኙም፤ እኛ አልተቀየምናቸውማ፣ ቀለድንባቸው እንጂ።

ቀልዱን ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ አይደለሁም፤ ነገር ግን ካሳመሩት አንዷ ነኝ። ለሠርግም ሆነ ለምርቃት ድንኳን በተተከለ ቁጥር «ዛሬስ ወዴት ነው የምትልኩት?» ይባላል። አንዱ «ማርስ ሞልቷል፣ ወደ ሌላ ነው» ይላል። ጋሽ ዘነበ ሲያልፉ ልጆቹ በጣታቸው ከአሥር ቁልቁል ይቆጥራሉ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ፈገግ ማለታቸውን አይተን ደስ ይላቸዋል ብለን ነበር። መክፈቻውን ለእድሩ ሊመልሱ ሲሞክሩ እንኳ «ኧረ ይተዉ ጋሼ፣ ጠፈርተኛ ከየት እናመጣለን!» ብለን ሳቅን፤ ሳንቀበላቸው ቀረን።

ከወራት በኋላ ሮቦቱ ማርስ ደረሰ። ወሬውን በሬዲዮ ሰምተው በር ያንኳኩላቸው እማማ ደብሪቱ ናቸው። እኔም እዚያ ነበርኩ።

«ዘነበ፣ ያ ዕቃህ ደረሰ አሉ። ውጣና እይ እንጂ!»

ጋሽ ዘነበ ከደጃፉ አላለፉም። «ገደል አልገባም?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«አልገባም። ቆሟል አሉ።»

«እሰይ» አሉ። «ጎበዝ አስተማሪ ኖሮታል።» ከዚያ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ስለ ማርስ ሲናገሩ የሰማኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ለቅሶ ቤትም መቀመጥ ተዉ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማልደው ይተክሉና ሰው ሳይመጣ ይሄዳሉ፤ ሁሉም ሲበተን ተመልሰው አግዳሚውን ያጥባሉ። በቀብር ጊዜ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ብቻቸውን ሲሄዱ አያቸው ነበር። አንድ ቀን አግዳሚ ሲያጥቡ ደረስኩባቸውና «ጋሼ፣ ምነው አይቀመጡም? ሐዘንተኛዋ እኮ እህል አልቀምስ ብላ ሰው ሁሉ እርስዎን ሲጠይቅ ነበር» አልኳቸው።

ውሃውን አፍስሰው፣ ጨርቁን ጨምቀው አሰጡት። «ስገባ ሰው ፈገግ ይላል፣ ልጄ» አሉኝ። «ከንፈሩን ይነክሳል፤ ግን አያለሁ። ሐዘንተኛ ፊት ሰው እንዲስቅ ምክንያት አልሆንም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። «የምንስቀው እኛ ነን፣ ነውሩም የእኛ ነው» ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን አግዳሚውን በሌላ ጫፍ ይዤ አስገባሁላቸውና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቀልዱንም አልተውኩም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ። ጥር ነበር፣ የሠርግ ወር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዳገቱን ስጨርስ እማማ ደብሪቱ ደጅ ድንኳን ተተክሏል። ወደ አንድ ጎን አዘምሟል፤ ገመዱ ላልቷል። ጋሽ ዘነበ እንዲህ አይተክሉም ነበር፤ ይህ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሁለት ጎረምሶች እየተሳሳቁ ወንበር ያስገባሉ። ሠርግ ነው አልኩ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች፤ ጎረቤት መስላኝ ከኋላዋ ደረስኩና፣ በሳቅ እየተፍለቀለቅሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እንዴ! ዛሬስ ማንን ነው የምትልኩት?» አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ። ሴትየዋ ዞሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ ብርቄ ናቸው። ከኋላቸው እማማ ደብሪቱ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው።

የሻንጣዬን እጀታ ለቀቅኩት፤ ወደቀ። እትዬ ብርቄ አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ፣ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ደክሞት ቤቱ የተመለሰ ሰው በሚናገርበት ድምፅ ነው የመለሱልኝ።

«ዘነበን ነው የምንልከው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ሽኝቱ ስምንት ሰዓት ነው። ደርሰሻል፤ ግቢ።»